ምስማር ነው፣ ምልክት አይደለም

የሺዬ፣

እጄን ሳልታጠብ ነው የምጽፍልሽ። ወረቀቱ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ ካለ የጎማ ነው፣ አትቆጪኝ። ከተለያየን አስር ወር አለፈ፣ ዓመትሽ እየመጣ ነው። እስከዛሬ አንድ መስመር አልጻፍኩልሽም፤ ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ ስፈራ ከረምኩ። ዛሬ ግን ሰፈሩ በሙሉ እያወራው ስለሆነ ከኔ ከራሴ ስሚው ብዬ ነው።

ቶሎ ቶሎ ልንገርሽ። ጠዋት፣ ሰው ገና ሱቁን ሳይከፍት፣ እኔና ልጃችን ሜሮን ሸራውን ገፈፍንና መኪናሽን ከግቢ አወጣናት። ከመውጣታችን በፊት ክላክሱ እምቢ አለ፤ እሱን አስተካከልን። አብነት ስንደርስ ከኋላ በግራ በኩል ያለው ጎማ ተነፈሰ። የተነፈሰው ደግሞ አዲሱ ነው የሺ፣ በተገጠመ በማግስቱ! ልጅሽ ወርዳ ክሪክ አወጣች፣ እኔ ድንጋይ ፍለጋ ሮጥኩ፣ ከኋላ ታክሲው ይጮሃል፣ ጋሪ ገፊው ይሳደባል። ከዚያ ወንድምሽ ጋሽ ደምሴ የመኪናሽን ገዢ አስከትለው ከፊቴ ቆሙ። እኔም ድንጋዬን እንዳቀፍኩ መሀል አስፋልት ላይ "መኪናዋ አትሸጥም" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እኔ! አምስት ሰው ፊት ስሜን ስጠየቅ የሚጠፋኝ ሰውዬ።

አሁን በተራ ልንገርሽ። ታውቂኛለሽ፣ ነገር በተራ ካልሆነ አይሆንልኝም። ዕድሜዬን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ።

አንደኛ፣ ሸራው።

ከቀብርሽ በተመለስን ማግስት መኪናሽን፣ አንቺ ራስሽ ባቆምሽበት የግቢ ጥግ ላይ እንዳለች፣ በሸራ ሸፈንናት። የሸፈንኩት እኔ ነኝ፤ ዙሪያውን በገመድ አሰርኩት። ማንም እንዳይነካት አልኩ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ እያየ "እሷም ሐዘን ተቀምጣለች" እያለ አለቀሰላት። ሜሮን አንድ ሁለቴ "አባዬ፣ ሞተሯን እንኳን ላስነሳት፣ ትንሽ ወደፊት ወደኋላ ላድርጋት" ብላኝ ነበር። "የእናትሽ አፈር ሳይደርቅ ድምጿን ልታሰሚኝ ነው?" ብዬ ጮህኩባት። ጎረቤቱም ደገፈኝ። ዓመት ሳይሞላ የሟች መኪና ሲሄድ ማየት ለዓይንም ደግ አይደለም ተባለ። ክብር መሰለኝ።

በዚህ መሀል ልጅሽ የሸማ ሱቅሽን ያዘች። ሸማ ተራ ያሉት ሴቶች "ይቺ ልጅ ለፋሲካ ሳትደርስ ትዘጋዋለች" ብለው ነበር። አልዘጋችውም። ነጠላ ስትዘረጋ እጇ ቁርጥ ያንቺን ነው፤ አንድ ጊዜ ወደ ላይ አራግፋ፣ ጥለቱን ወደ ደንበኛው አዙራ። ግን ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ዕቃ ለማምጣት በየጊዜው መኪና ትኮናተራለች። አንዱ ይዘገይባታል፣ አንዱ ጭራሽ ይቀርባታል። ሌላው ደግሞ አትክልት ተራ አድሮ የመጣ ነበርና ጋቢውን ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ጫነባት። ለልጇ ሠርግ ጋቢ ልትገዛ የመጣች ሴትዮ አሽትታ "ይሄ ለመልበስ ነው ለወጥ?" አለቻት። ሜሮን ሳቀች። ሴትዮዋ ስትሄድ ግን ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ብዙ ቆየች።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ያንቺ መኪና ግቢ ውስጥ ተሸፍና ቆማለች። እኛ ደግሞ በአጠገቧ ስናልፍ ድምፃችንን እንቀንሳለን።

ሁለተኛ፣ ሐውልቱ።

ጋሽ ደምሴ ለሙት ዓመትሽ ሐውልት ይቁም አሉ። ጥቁር እብነ በረድ፣ ፎቶሽ ያለበት፣ ስምሽ በወርቅማ ቀለም። ክፉ ሆነው አይደለም፣ እመሰክርላቸዋለሁ። ከጎጃም እጅሽን ይዘው ያመጡሽ እሳቸው ናቸው። መቃብርሽ ላይ ያለችውን የእንጨት መስቀል ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። "የኔ እህት ስሟ በብሩሽ ተጽፎ ይቅር?" ይላሉ። መንገዱ ደግሞ ቀላል ነው አሉኝ፤ መኪናዋ ትሸጥ፣ ሐውልቱ ይቁም። "አንተ እንደሆንክ አትነዳም፣ ልጅቷ ነገ ባል ታገባለች፣ መኪናውን ዝገት ሊበላው ነው ወይ?" እኔም "እሺ" አልኩ። ለጋሽ ደምሴ ከእሺ ሌላ ቃል ተምሬ አላውቅም። ገዢውንም ራሳቸው አገኙ። "እንግዲህ ጎማዋን ንፋስ አስሞላ፣ አሳጥባት፣ ሰውየው ሲመጣ ሰው ትምሰል" አሉኝ።

ሦስተኛ፣ ሸምሱ።

ጎሚስታው ሸምሱ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ባለችው ኮንቴነር የሚሠራው፣ አንቺን በነፃ ንፋስ እየሞላ "እትዬ የሺ፣ ለኔ ያላገባች እህት የለሽም?" የሚልሽ። ንፋስ ሊሞላ መጣ። ሸራውን ከሥር ገለጥ አደረገ፣ ተንበረከከ፣ ያ ሐኪም የምርመራ ውጤትሽን እንዳየው ጎማውን አየው። ከዚያ ቀና ብሎ "ጋሼ አበራ፣ ይሄን ጎማ ማነው የገደለው?" አለኝ።

"ማን ነካው? አስር ወር ሙሉ ንክች ያደረገው የለም" አልኩት ኮራ ብዬ።

"እሱ ነዋ!" አለ።

ጣቴን ይዞ የጎማው ጎን ላይ አስኬደው። ፀሐይ እንዳገኘው ጭቃ ተሰነጣጥቋል። መሬት የነካው በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ቀርቷል፤ ንፋሱ ቀስ በቀስ ወጥቶ መኪናዋ በክብደቷ ተኝታበታለች። ጥርሱ ግን ገና ነው፤ የፊቱን ወደኋላ፣ የኋላውን ወደፊት እያስቀየርሽ ስለነዳሽው ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው የተበላው። መሀሉ ብቻ ቢያልቅ ንፋስ በዝቶበታል፣ ሁለቱ ዳር ቢያልቅ ንፋስ አንሶታል፣ አንድ ጎኑ ብቻ ቢያልቅ የእግሯ አቀማመጥ ተዛብቷል ትይ የነበረውን ሸምሱ ከሥር ከሥር እየደገመልኝ "ምንም የለበትም እኮ!" ይላል። "እትዬ የሺ ስንት ዓመት ሽሮ ሜዳ ተመላልሳ ያልጨረሰችውን እናንተ አክብራችሁ ጨረሳችሁት። ጎማ እየሄደ ነው የሚኖረው ጋሼ። ይሄ ሸራ ከፈን ነው።" ብሎ ሲያበቃ ራሱ ደነገጠና "ይቅርታ፣ አመለጠኝ" አለ።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። መኪናሽ አጠገብ ጣሳ ገልብጬ ተቀመጥኩ። ተናደድኩ የሺ። በራሴ ብቻ አይደለም፤ በሸራው፣ በገመዱ፣ "ሐዘን ተቀምጣለች" ባለው ሰው ሁሉ፣ በሞትም ጭምር። አንቺን ወሰደ፣ እሺ፣ መቼም አልጠየቀኝም። ጎማውን ግን ማን ፈቀደለት?

እቁቤ ወጥቶልኝ ነበር። ማንንም ሳላማክር ጎማ ተራ ሄጄ አራት ጎማ ገዛሁ። አንቺ ስትገዢ ከኋላሽ ቆሜ የሰማሁትን አልረሳሁም። ሻጩ "የዘንድሮ ነው ፋዘር" ሲለኝ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ፈለግኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ። "ይሄ ዕቃ ቤት ውስጥ ያረጀ ነው፣ ሌላ አምጣ" አልኩት። "ፋዘር፣ ጎማ ነው ወይስ ወተት የምትገዛው?" ብሎ ሳቀብኝ። "ሁለቱም ሲቀመጡ ይበላሻሉ" አልኩት። እንዲህ የምመልስ ሰው አልነበርኩም፤ አንቺ ነሽ በኔ አፍ ያወራሽው።

ትናንት ሸምሱ ጎማዎቹን ገጠመልኝ፣ እኔ መልሼ ሸራውን አለበስኳት፣ ለጋሽ ደምሴ አልነገርኳቸውም። ዛሬ ጠዋት ገዢውን ይዘው እንደሚመጡ አውቅ ነበር። ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ፦ በጠዋት የወጣነው ደፍሬ አይደለም፣ ለመሸሽ ነው። እነሱ ሲመጡ እኛ ሽሮ ሜዳ የፋሲካውን ጋቢ ስንጭን እንሆናለን፤ ባዶ ግቢ አይተው ይመለሳሉ፤ ለነገ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኛለሁ። እቅዴ ይሄው ነበር።

አራተኛ፣ ክላክሱ።

ሜሮን ባትሪውን ቀደም ብላ ቻርጅ አስደርጋዋለች። ሞተሩ ጥቂት አስሎ ተነሳ። መብራት በራ፣ ፍሬቻው በራ፣ ክላክሱ ግን ጭጭ። እኔ ደግሞ ያለ ክላክስ መርካቶን መሻገር አይታየኝም፤ ያን ሁሉ ተሸካሚና ጋሪ በምን ልትጠሪው ነው? የጎረቤታችን ሹፌር በአጥር አንገቱን አውጥቶ "ፊውዙ ነው። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ ሰኩበት፣ ይሠራል" አለን። ሜሮን ቀና ብላ "ጋሼ፣ እናቴ ብትሰማዎት!" አለችው። ሰውዬው አንገቱን መለሰ።

ትዝ ይልሻል አይደል፣ በዚያ ክረምት የዝናብ መጥረጊያው ፊውዝ እየተቃጠለ ሲያስቸግርሽ? አንዱ መካኒክ የመዳብ ሽቦ ሰክቶልሽ "ከእንግዲህ አይቃጠልም" አለሽ። "እሱ ካልተቃጠለ ማን ሊቃጠል ነው? እኔ?" ብለሽ እዚያው ነቅለሽ እጁ ላይ አስቀመጥሽለት። እኔ ከጎንሽ ቆሜ አፍሬ ነበር፣ ሰው አየን ብዬ። ወደ ቤት ስንመለስ "አቤ፣ ፊውዝ ጥፋተኛ አይደለም፣ ተናጋሪ ነው። ተናጋሪውን አፉን በሽቦ ከሰፋሽው እሳቱን ማን ይነግርሻል?" አልሽኝ። ስታስረጂኝ "አንተ" ማለት ትተሽ ለሸማ ተራ ሴቶች እንደምታወሪው ነበር የምታወሪኝ።

ሜሮን ከመሪው ሥር ያለችውን ክዳን ከፈተች። የመለዋወጫ ፊውዞቹ የት እንዳሉ ሳልነግራት መርፌ ቁልፍ የምትይዢባትን ቆርቆሮ ከበሩ ኪስ አወጣች። ቀዩ አስር አምፔር፣ ሰማያዊው አስራ አምስት፣ ቢጫው ሃያ። የተቃጠለውን በቅንድብ መንቀያሽ መዝዛ አወጣችው፤ ያቺ መንቀያ አሁንም እዚያው ናት። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አየች፣ ያንኑ ቁጥር ሰካች። ክላክሱን ስትነካው እሱም ወዲያው ተቃጠለ። "ከፍ ያለውን እንሞክር ይሆን?" አልኩ። "አባዬ፣ አንተም?" አለችኝ። "እያቃጠለው ያለውን መጀመሪያ እናግኝ።"

ኮፈኑን ስንከፍት ምን አገኘን መሰለሽ? አይጥ። መኪናዋ ውስጥ ከረሳሽው ጋቢ ዘርፉን ነጭተው፣ ሞተሩ ጎን ጎጆ ሠርተው፣ ወደ ክላክሱ የሚሄደውን ሽቦ ልጠው በልተውታል። የተላጠው ሽቦ ብረት ይነካል፣ ፊውዙ ደግሞ ተናጋሪ ነውና ይቃጠላል። ሐዘን የተቀመጠችው እኛ ዘንድ ነው እንጂ ለአይጦቹ ሠርግ ቤት ነበረች። ሜሮን የባትሪውን ገመድ ነቅላ ሽቦውን በፕላስተር ጠቀለለች፣ ገመዱን መለሰች፣ ሌላ ፊውዝ ሰካች፣ እጇን ክላክሱ ላይ አሳረፈች።

ያ ጉንፋን የያዘው የሚመስል ድምፅ ወጣ። የሺዬ፣ እኔ ግቢው መሀል ነበርኩ፤ እግሬ ራሱ ወደ በሩ ሮጠና እጄ መዝጊያውን ከፈተ። ከሥራ ስትመጪ እንደማደርገው። ከከፈትኩ በኋላ ነው ከውጭ ማንም እንደሌለ ያየሁት። ጎረቤት መስኮቱን ከፈተ። አንዷ "ኧረ ነውር ነው" ስትል ሰማኋት። በሩን ይበልጥ ወለል አደረግኩት።

አምስተኛ ነው ስድስተኛ? ተይው፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ። አብነት ልድረስ።

ሜሮን ስትነዳ እኔ የምፈራውን ሁሉ ፈራሁ። ጋሪውን፣ ከመኪና መሀል የምትወጣውን እናት ከነልጇ፣ ከፊት ያለውን የጭነት መኪና ገመድ። "አባዬ፣ ፍሬኑ በኔ በኩል ነው፣ እግርህን አሳርፍ" ትለኛለች። መጋጠሚያው ጋ ስንደርስ መኪናዋ ከኋላ ወገቧን ጣለች። አንቺ የምትይው ነገር፦ መሪው ሲከብድ ወይ ከኋላ ስትዋኝ ደንግጠሽ ፍሬን አትርገጪ፣ ቀስ ብለሽ ዳር ያዢ። ልጅሽ ቀስ ብላ ዳር ያዘች። ዳር ማለት አብነት ላይ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ መሀል ነው።

የእጅ ፍሬን ያዘች፣ ማርሽ ውስጥ አስገባች፣ ወረደች። እኔ "ክሪኩን! ክሪኩን!" እላለሁ። "መጀመሪያ ብሎኑን አባዬ፣ መሬት ላይ እያለች ነው የሚላላው፣ ካነሳኋት በኋላ ጎማው አብሮ ይሽከረከራል" አለችኝ። አንቺን ነው የሰማሁት፣ ቃል በቃል። ከዚያ ያንቺን ትእዛዝ ጨመረችበት፦ "አንተ ታኮ ፈልግ።"

እኔ ሥራዬን አውቃለሁ። በትዳራችን ስንት ጎማ ተነፈሰ፣ ስንቱን ቀየርሽ፣ የኔ ድርሻ ሁሌም አንድ ነበር፤ ድንጋይ መፈለግ። ሮጬ ሄጄ ከተፈነቀለው የእግረኛ መንገድ ዳር አንድ ደህና ጥርብ ድንጋይ አንስቼ አቀፍኩ። ስመለስ አንዱ ወያላ በመስኮት ወጥቶ "ፋዘር፣ ሐውልት ልታቆሙ ነው? ድንኳን ጣሉበት እንጂ!" ይላል። ሌላው "ሴቷ ትፈታለች፣ አባት ድንጋይ ያቅፋል፣ ምን ዓይነት ዘመን ነው!" ይላል። ሜሮን ቀና ሳትል "አንተ ወርደህ አትፈታም?" አለችው። ሳቁበት።

በዚያ መሀል ነው ጋሽ ደምሴ የደረሱት። ሱቃቸው እዚያው አብነት አይደል፣ ገዢውን ይዘው ወደኛ ቤት ሲመጡ መንገድ ላይ አገኙን። ገዢው መኪናዋን አንዴ ዞራትና የፊቱን ጎማ በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገ፣ በእርግጫ ንፋስ የሚለካ ይመስል። "ጎማው አዲስ ነው፣ ጥሩ ነው" አለ። ጋሽ ደምሴ መጀመሪያ አልገባቸውም። ቀጥሎ ገባቸው። ጥቁር የለበሰች የእህታቸው ልጅ አስፋልት ላይ ተንበርክካ ብሎን ትፈታለች፣ አራት አዲስ ጎማ፣ አንዱ የተነፈሰ።

"አበራ" አሉኝ፣ ድምፃቸው ሳይጮህ፣ "ዓመቷ ሳይሞላ መኪናዋን አስነሳህ። ለሐውልቷ የሚሆነውን ገንዘብ ጎማ ገዛህበት። ይኸው በመጀመሪያ ቀኑ ተነፈሰ። ይሄ ምልክት ነው። እሷ ራሷ አልወደደችውም።"

ሌላ ነገር ቢሉ እሺ እል ነበር። ባለጌ ነህ ቢሉኝ እሺ። ፈሪ ነህ ቢሉኝ ደግሞ ትክክል። ባንቺ ስም ግን ተናገሩ። አስር ወር ሙሉ ሁሉም ሰው ባንቺ ስም ሲናገር ከርሟል፤ ሸራውን ወደደችው፣ ዝምታውን ወደደችው፣ መቆሙን ወደደችው። ሜሮን ጎማውን አውልቃ ስታዞረው ጥርሱ መሀል የምስማሩ ራስ ብልጭ አለ። የዕቃ ሳጥን ምስማር፣ መርካቶ እንደ ቆሎ የሚዘራው። ጣቴን አነሳሁና አሳየኋቸው።

"ምስማር ነው ጋሽ ደምሴ። ምልክት አይደለም።"

ከዚያ ነው "መኪናዋ አትሸጥም" ያልኩት።

"ሐውልቱስ?" አሉኝ። አሁን ጮኹ። "እህቴ ድንጋይ ሳይቆምላት ትቅር?"

ድንጋዬን አየሁት። እስከዚያ ድረስ አቅፌው እንደቆምኩ አላወቅኩም፣ ክንዴ ዝሎ ነበር። "የሺ በትዳራችን ሙሉ ከኔ የጠየቀችኝ ድንጋይ ይሄ ነው" አልኳቸው። "ጎማ ሥር የሚሆነውን። ይኸው ይዤላታለሁ።" ሄጄ ከፊተኛው ጎማ ሥር አስገባሁትና በእግሬ ገፋ ገፋ አድርጌ አጠበቅኩት። ወያላው "ጀግና ፋዘር! አሁን መንገድ ልቀቁልን" አለ።

ገዢው ስልኩን እያየ ሄደ። ሜሮን ተቀያሪውን ጎማ አስገብታ ብሎን መያዝ ጀምራለች። ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ካዞሩ በኋላ መለስ አሉና፣ ለኔ ሳይሆን ለእሷ፣ "በመስቀለኛ አጥብቂው፣ በተራ አይደለም። እናትሽ በመስቀለኛ ነበር" አሏት። ከዚያ ሄዱ። እስካሁን አልደወሉም። ይቅር እንዳሉኝ አታስቢ፤ ለዓመትሽ ፊት ለፊት መገናኘታችን አይቀርም። እኔም ሃሳቤን አልቀይርም።

ሜሮን መኪናዋን ካወረደቻት በኋላ ብሎኖቹን እንደገና አጠበቀች። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ አስቁሜ ሦስተኛ አስጠበቅኳት፤ "አባዬ አበዛኸው" ብላኝ ነበር፣ አንዱ ግን ትንሽ ተጎተተ። ሸምሱ ምስማሩን ሲያወጣ ፉጨት ሰማን። ከውጭ ክር ሰክቶ ሊዘጋው ሲል "ጭነት ነው የምትጭነው፣ ከውስጥ ይለጠፍልኝ" አልኩት። "እትዬ የሺ መጣች እንዴ?" አለና ጎማውን ከቸርኬው አወለቀው። ለጥፎ ሲጨርስ የሳሙና ውኃ ቀባው፣ አረፋ አልወጣም። ምስማሩ ኪሴ ውስጥ ነው።

ሽሮ ሜዳ ደርሰን ተመልሰናል። ሸማኔዎቹ መኪናዋን ሲያዩ ሥራቸውን ትተው ወጡ፤ አንዱ ሽማግሌ ኮፈኗን እንደ በቅሎ አንገት ዳበሳት። ጋቢው ሽንኩርት አይሸትም። አሁን ሱቅሽ ውስጥ፣ ያንቺ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ሜሮን ከፊቴ ከአንዲት ደንበኛ ጋር ትከራከራለች፣ ሴትዮዋ እየተሸነፈች ነው።

የሺዬ፣ እኔ መንዳት አልማርም። እፈራለሁ፣ ልዋሽሽ አልችልም። ድንጋይ ያዥ ሆኜ ነው የምቀረው። ግን ድንጋይ ያዥም ሥራ አለው። በየሳምንቱ ጠዋት፣ ጎማው መንገድ ሳይነካ፣ ገና ቀዝቃዛ እያለ፣ በመለኪያው ንፋሱን አያለሁ፤ በእርግጫ አይደለም። ጭነት ሲኖር በሩ ላይ እንደተጻፈው እጨምራለሁ። ተቀያሪውን አልረሳም፣ እሱም ሆዱ ባዶ ከሆነ ምን ያደርግልናል። ጎን ጎኑን እዳብሳለሁ፣ ጥርሱ ውስጥ የተሰካ ካለ እለቅማለሁ። ቆርቆሮዋ ውስጥ ፊውዝ አይጎድልም። በሽቦ የሚሰካ ሰው በዚች መኪና አጠገብ አያልፍም። ሸራውን ለሸምሱ ሰጥቼዋለሁ፣ ለኮንቴነሩ ጣሪያ።

አስታውስሻለሁ የምልሽ እንግዲህ እንዲህ ነው። በመቆም ያስታወስንሽ ይበቃል። ለዓመትሽ ወደ ቤተክርስቲያን የምንመጣው በመኪናሽ ነው፣ ልጅሽ እየነዳች። የፈለገ ይቆጣ። ማታ ከሱቅ ስትመለሺም ግቢያችን በር ላይ ክላክስ አድርጊ ብያታለሁ፤ እኔ በሩን ለመክፈት ሁልጊዜም እሮጣለሁ፣ ማን እንደመጣ ባውቅም። መስቀልሽ ላይ ያለውን ስምሽንም እኔው በእጄ እንደገና ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ ፊደሉ ትንሽ ተንጋዷል፣ ግን ከመንገዱ ይነበባል።

ጎማዎቹ ተከፍለዋል። የሸምሱ ተከፍሏል። ለጋሽ ደምሴ ያለብኝ የሐውልቱ ዕዳ ግን ገና አልተከፈለም።

አበራ